ሰዓት የማይያዝለት ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አሰልጣኙ ጋሽ ባንትይርጉ። ሯጯ ስንቅነሽ ከልምምድ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጣ ጠይቃቸው ነበር። ሦስት ጊዜ ባሸነፈችበት ውድድር ዘንድሮ አሯሯጭ ሁኚ፣ ሌሎቹን እስከ ግማሽ መንገድ መርተሽ ውጪ ተብላለች። ይህ ውርደት አይደለም ወይ?

ሰውዬው የበረዶ አገር ሰው ነው። ሁለት እግሩን በአንድ ሳንቃ ላይ አስሮ፣ ከተቆለለ በረዶ ላይ እየተወነጨፈ ከተራራ ቁልቁል ይሽቀዳደም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ተወዳደረ። ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ አጥሩ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ከዚያ ጉልበቱ ደከመ፤ ልጆች ቀደሙት፤ ተወው።

አንድ ዓመት የውድድሩ አዘጋጆች ጠሩት። በዚያ አገር ወግ ከተወዳዳሪዎቹ በፊት አንድ ሰው ወርዶ መንገዱን ይፈትናል። ሰዓት አይያዝለትም፤ ሽልማትም የለውም። እንደ መጥረጊያ ሊጠቀሙብኝ ነው ብሎ ተቀየመ። ግን ተራራው ናፍቆት ነበርና ሄደ።

ጫፉ ላይ ሲቆም ሁሉም ነገር መጣበት። እንዲንሸራተት ሳንቃው የሚቀባው ሰም ሽታ፤ በልጅነቱ የእናቱን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሰርቆ ከጎረቤት ልጅ ጋር የተንሸራተተበት ቁልቁለት፤ ጓደኞቹ መነሻው ላይ የሚወራወሩት ስድብና ሳቅ። አሁን ከጎኑ የቆሙትን ልጆች አያውቃቸውም። አንዷ ብቻ «አባባ፣ ሳይመሽ ይደርሱ ይሆን?» አለችውና ሌሎቹ ሳቁ። ደረቱን ዳበሰ፤ ቁጥር የለበትም።

ወረደ። ሰውነቱ አልረሳም። ነፋሱ ጆሮው ላይ ሲያፏጭ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነ። ሕዝቡም አወቀውና ስሙን መጥራት ጀመረ። ከሚዘለልበት ትልቅ የበረዶ ክምር በላይ ሲደርስ ግን ከክምሩ ማዶ ማረፊያው ሲያብለጨልጭ አየ። ቀን የቀለጠው በረዶ ጥላ ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ጠጥሯል፤ ያላወቀውን አንሸራቶ ይሰብራል።

እሱ ቢዘል በደህና እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ስንት ዓመት ወድቆ የተማረው ነው። ሕዝቡም ዛሬም እሱው ነው ይላል። ነገር ግን እሱ በደህና ካረፈ መንገዱ ደህና ነው ይባላል። ያቺ ቀልደኛ ልጅም ሰዓት ተይዞባት፣ ሳትጠራጠር ትወነጨፋለች።

ሳንቃውን አግድም አዞረና ቆመ። በረዶው ላይ ተቀምጦ ውድድሩን አቁሙ ብሎ እጁን አነሳ።

ሕዝቡ ሳቀ። ሽማግሌው ፈራ አሉ። እሱ ሳንቃውን ፈትቶ በብብቱ ይዞ በእግሩ ወረደ። ሠራተኞች አካፋ ይዘው መጥተው የጠጠረውን ሰባበሩት። ከዚያ ልጆቹ ዘለሉ፤ የወደቀ የለም። ያቺ ልጅ አሸነፈች። ሰውዬው ከአጥሩ ጀርባ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ አየ። እሷ አየር ላይ በወጣች ቁጥር እሱም ለማረፍ ጉልበቱን ያጥፍ ነበር፣ ልክ እንደ ድሮው።

ጋሽ ባንትይርጉ ወደ ስንቅነሽ ዞሩ።

«አያምም አልልሽም፣ ልጄ። ሰውዬው ያን ቀን እንባ አቅርሮ ነው ቤቱ የገባው። አንቺም ከግማሽ መንገድ ስትወጪ ያምሻል፤ ስምሽን የሚጽፍም የለም። ግን ለማሸነፍ የሚሮጥ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያስበው፤ ግድም ነው። ከፊት ሆኖ ነፋሱን የሚቀበልለት፣ መንገዱን ጠግቦ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ለመሆኑ መጀመሪያ ስታሸንፊ ያሯሯጠችሽን ልጅ ስሟን ታስታውሺዋለሽ?»

ስንቅነሽ አሰበች። አላስታወሰችም።

«እኔ አስታውሰዋለሁ» አሉ ጋሽ ባንትይርጉ። «ያለ እሷ ያን ሰዓት አትገቢም ነበር። ያን ጊዜ እንደ ያቺ ቀልደኛ ልጅ ነበርሽ። አሁን ደግሞ ሰውዬውን የመሆን ተራው ያንቺ ነው።»