ውሃ ያላየው ቦይ

ከዋንዛ አምባ በታች ገደሉን ታኮ የሚሄድ አንድ ቦይ አለ። ግራና ቀኙ በድንጋይ የተካበ፣ ወለሉ የተደለደለ፣ የተጫነ አህያ ሳይነካካ የሚያልፍበት ሰፊ ቦይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው መንገደኛ «ወንዙ መቼ ነው የደረቀው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የደረቀ ወንዝ ግን የለም። ቦዩ ከተቆፈረ ጀምሮ ውሃ ሄዶበት አያውቅም፤ ምክንያቱን የቆላው ሽማግሌዎች ተረጋግተው ያወሩታል፣ የአምባው ሽማግሌዎች ደግሞ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ።

እንደሚነገረው፣ ቦዩ በተቆፈረበት ዘመን ዋንዛ አምባን የሚያስተዳድረው የውሃ ሸንጎ የሚባል ጉባኤ ነበር። ምንጩን ለማን በየትኛው ቀን እንደሚለቁ የሚወስኑት የሸንጎው ሰዎች ሲሆኑ፣ የበላያቸው ባላምባራስ አስረስ ነበሩ፤ ውሃው ከየት እንደሚመነጭ ከመናገር ይልቅ እርሳቸው ከማን እንደተወለዱ ሲቆጥሩ መዋል የሚቀናቸው ሰው እንደነበሩ ይነገራል። ዝናቡ ደጋግሞ ሲከዳና አዝመራው በቁሙ ሲደርቅ፣ ከሸለቆው ማዶ ያሉት የጉሽት ሰዎች ወንዝ ጠልፈው፣ በገደል ላይ አዙረው፣ በበጋ በርበሬና ሽንኩርት እንደሚያመርቱ ተሰማ። ጉሽቶች ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ስለነበሩ አምባው ይንቃቸዋል፤ ማሰሯቸውን ይገዛል እንጂ አብሯቸው አይበላም። ዘመዶቹን አስኮርፎ ከጉሽት ሚስት ያመጣ ቢሻው የሚባል ገበሬ ብቻ ነበር፤ ሚስቱም አንጓች ትባላለች።

ይህ ቢሻው በሸንጎው ፊት ቆሞ እንዲህ አለ ይባላል፦ «ሚስቴ ወንድሞች አሏት። በወጉ ሰው ቢላክባቸው መጥተው ያሳዩናል ትላለች።»

«እሷ አታውቀውም?» አሉ ባላምባራስ።

«ስቀዳበት አደግሁ እንጂ ሲሠራ አላየሁም ነው የምትለው። የሚያውቁትን ጠይቁ ትላለች።»

ባላምባራስ ካባቸውን አስተካከሉ። «ጉሽት ዛሬ ውሃ ካስተማረን፣ ነገ ከገበታችን ልቀመጥ ይላል» አሉና ከሸንጎው ሰዎች መካከል አጋፋሪ ድረስን መርጠው፣ አጃቢ ጨምረው ላኳቸው። የሰጧቸውም ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «አይታችሁ ኑ። እንዳትጠይቁ።»

መልእክተኞቹ በቅሎ ፈላጊ መስለው ጉሽት ገቡ። በአምባቸው ላይ ከጉሽት ሰው ጋር የማይቆርሱት እነዚህ ጨዋዎች እዚያ ሲደርሱ ግን ጠግበው በልተዋል፤ ደግመውም ጠጥተዋል ይባላል። የአንጓች ታላቅ ወንድም ምንይችል፣ የቦዩ አለቃ እርሱ ነበርና፣ የመጡበት ነገር ስለገባው «ቦዩን ለማየት ከሆነ ነገ ከመነሻው ጀምሬ ላሳያችሁ» አላቸው።

«የምን ቦይ?» አሉ አጋፋሪ። «እኛ የምንፈልገው በቅሎ ነው።»

ምንይችልም በቅሎ አሳያቸው።

ሲመለሱ ከማዶው ጉብታ ላይ ቆመው ቦዩን አሻግረው ተመለከቱ። ስፋቱን በዓይናቸው ገመቱ፣ የድንጋዩን አካካብ አዩ፣ ቦይ ጠራጊዎቹ የሚያዜሙትን ዜማ ያዙ፣ በግንባራቸው ላይ ጠፍር ማሰራቸውን እንኳ ልብ አሉ። ገደሉ ወደ ታች ስለሚያሽቆለቁል፣ ቦዩ ከሩቅ ሲታይ ሽቅብ የሚወጣ መሰላቸው። ይህንንም ከሁሉ የበለጠ ምስጢር አድርገው ይዘው ገቡ፤ ሸንጎውም እጅግ ተደሰተ። ሳይጠየቅ የተገኘ እውቀት ምንኛ ክብር እንዳለው ባላምባራስ ለሕዝቡ አስረዱ፣ ቆፋሪው ሁሉ ግንባሩን በጠፍር አስሮ የጉሽትን ዜማ እያዜመ እንዲቆፍርም ታዘዘ። የእርሻው ወራት በቁፋሮ አለፈ።

ቢሻው የተመደበው ከገደሉ ትከሻ ላይ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት ስትመጣ ለአንጓች «ሽቅብ እየቆፈርን ነው» አላት።

«ለምን እንደሆነ አትጠይቅም?»

«አጋፋሪን ጠየቅኋቸው። ‹ያየሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?› አሉኝ።»

በዚያው ሳምንት ከላዩ ያለው አለት ተናደና ቢሻውን ይዞት ወረደ። በለቅሶው ላይ ባላምባራስ ተነሥተው ስለ ሟቹ አንድ ቃል፣ ስለ ቦዩ ጥቅም ደግሞ ረጅም ንግግር አደረጉ። አንጓች ፊቷን እንደሸፈነች እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

ቦዩ ያለቀ ዕለት ሸንጎው ነጭ ለብሶ ከአፉ ላይ ተሰለፈ፣ ምንጩም ተለቀቀ። ውሃው ጥቂት ገባ፣ ቆመ፣ ከዚያ ዞሮ ተመለሰና የሸንጎውን እግር አራሰ። ባላምባራስ እርጥብ ጫማቸውን እያዩ «ውሃው ገና መንገዱን አልለመደም» አሉ ይባላል። እስኪለምድ ድረስም ዘበኛ አቆሙለት። ሳይለምድ ሲቀር የጉሽት ዓይን ነው ተባለ፤ አጋፋሪ ድረስ ግን ስለ ድካማቸው ተሸለሙ።

አንጓች ጎተራዋ ባዶ ሲሆን፣ እንደ እርሷ የቸገራቸውን ጥቂት ጎረቤቶች አስከትላ ወደ ወንድሟ ተሻገረች። ከደጁ እንደቆመች «ጋሼ፣ ቦይ የሚሠራው እንዴት ነው?» አለችው።

ምንይችልም «ሰዎቹ የመጡ ጊዜ ላሳያችሁ ብያቸው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። በቅሎ አሳየን እያሉ ሲስቁብህ ሰምቻለሁ።»

«ምነው ያን ጊዜ ቢሻው አብሯቸው በመጣ።»

«ቢመጣ ኖሮ ይጠይቅህ ነበር» አለችና አለቀሰች።

ምንይችል ወርዶ የድንጋዩን ቦይ ሲያይ የሚቃና እንዳልሆነ ወዲያው ነገራቸው። ሸንጎው ከማያዝበት፣ ከሸለቆው ራስ ካለ ፏፏቴ አናት ጀምረው በቆላው ፊት በኩል ሌላ ቦይ ቆፈሩ። እየቆፈሩ ውሃ ይለቁበታል፤ ውሃው ካልተከተላቸው አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ። የጉሽት መሬት ቀይ ስለሆነ እርሱም የሚያውቀው ቀዩን ብቻ ነበር፤ እዚህ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በፀሐይ ተሰንጥቆ ውሃውን ሲውጠው «ይህን እኔም አላውቅም» አላቸው። ጭቃውን ከጭድና ከአመድ ጋር እያቦኩ፣ እየለጠፉ፣ ሲፈርስ ደግሞ እንደገና እየለጠፉ ዘዴውን ያገኙት እነርሱው ናቸው። ኋላ ጉሽቶችም መጥተው ይህን ከእነርሱ እንደተማሩ ይነገራል።

ሸንጎው ይህን ሲሰማ ከግጦሽ አገዳቸው፣ ከማኅበርም አስወጣቸው። ሸክላ ሠሪ ደጅ ሄዶ የሚለምን ውርደታም ለማለት «ጠያቂዎች» የሚል ስም አወጣላቸው፣ በገበያም በለቅሶም በዚያው ይጠሯቸው ጀመር። እነርሱ ስሙን አልጠሉትም፤ ጎጆአቸውን ከአዲሱ ቦይ ዳር ሠርተው ተቀመጡ፣ መንደሩም ጠያቂ ተብሎ ቀረ።

ዛሬ ጠያቂ መንደር በሚያዝያም አረንጓዴ ነው። ዋንዛ አምባ ደግሞ እስከ አሁን በየዓመቱ የቦይ አለቃ ይሾማል፤ ተሿሚው ካባ ይለብስና ከድንጋዩ ቦይ ቅጠል ያስጠርጋል። በቅዳሜ ገበያ አህያውን እየነዳ ወደ ጠያቂ የሚወርድ የአምባው ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ በርበሬው ያቃጥል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ውሃው እንዴት እንደመጣ የጠየቀ ግን እስከ ዛሬ አንድም የለም ይባላል።