የታሸገው የሙሽራ ቀሚስ

ተረቴ ከአንድ በር ይጀምራል። ቢሰለቻችሁም አላቋርጥም፤ እሷም አላቋረጠችም።

ልብስ ሰፊዋ ስመኝ ሰኞ ጠዋት ሱቋን ታሽጎ አገኘችው። የጎረቤቷን ሊያሽጉ የመጡ ሰዎች የእሷን አሽገው ሄደዋል። ውስጥ የእህቷ ልጅ የሙሽራ ቀሚስ አለ፤ እጅጌው ገና አልተሰፋም፤ ሠርጉ እሑድ ነው።

በሩ ላይ ደርበው የሚባል ዘበኛ ቆሟል።

"ጋሼ፣ እሽጉን ይፍቱልኝ።"

"ኃላፊው ሳያዝ አልፈታም፣ ልጄ።"

ሱቁን ወዳሳሸገው ኃላፊ ሄደች።

"ዘበኛውን ይዘዙልኝ። ዘበኛው እሽጉን አይፈታም፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ አለ።"

"የፈረምኩትን አላነሣም። ቅር ካለሽ ይግባኝ በይ።"

ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ መዝገብ ቤት ሄደች።

"መዝገብ ይክፈቱልኝ። ኃላፊው ዘበኛውን አያዝም፤ ዘበኛው እሽጉን አይፈታም፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ አለ።"

"የውሳኔው ግልባጭ ሳይኖር መዝገብ አልከፍትም።"

ወደ ኃላፊው ጸሐፊ ሄደች።

"ግልባጩን ስጪኝ፣ እህቴ። መዝገብ ቤቱ መዝገብ አይከፍትም፤ ኃላፊው ዘበኛውን አያዝም፤ ዘበኛው እሽጉን አይፈታም፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ አለ።"

"ኃላፊው ሳይፈቅድ ግልባጭ አይወጣም።"

ኃላፊውስ? "ጉባኤው ሳያዘኝ አልፈቅድም" አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ደክሞት ቤቱ ይገባ ነበር። ስመኝ ግን ተናደደች፤ ስትናደድ ደግሞ መቀነቷን ጠበቅ ታደርጋለች። ጉባኤው ዓርብ ዓርብ ይሰየማል። ዓርብ ጠዋት አዳራሹ መሀል ቆማ "አቤት!" አለች።

"ይህች ሴት መዝገብ የላትም" አለ መዝገብ ቤቱ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይናገሩ።"

"ኃላፊው ግልባጭ አይፈቅድም፤ ጸሐፊዋ ግልባጭ አትሰጥም፤ መዝገብ ቤቱ መዝገብ አይከፍትም፤ ኃላፊው ዘበኛውን አያዝም፤ ዘበኛው እሽጉን አይፈታም፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ አለ።"

"ታዲያ ይግባኝ የተባለበት ሰው ራሱ የይግባኙን ደጅ ዘግቶ ይዟላ" አሉ ሰብሳቢዋ። "ሰነድ ማስቀረብ ሥልጣናችን ነው። ውሳኔው ዛሬውኑ ይቅረብ። መርምረን እስክንጨርስ እሽጉ ይነሣ።"

ጸሐፊዋ ግልባጩን ሰጠች፤ መዝገብ ቤቱ መዝገቡን ከፈተ፤ ኃላፊው ዘበኛውን አዘዘ፤ ዘበኛው ግን ኪሱን ዳበሰ። እሽጉ በወፍራም ሲባጎ ታስሯል።

"መቁረጫ የለኝም፣ ልጄ። መቀስሽስ?"

"ውስጥ ነው፣ ጋሼ።"

እንግዲህ ለዚህ ደግሞ ማን ዘንድ ይኬዳል? ስመኝ ጎንበስ አለች። ሠላሳ ዓመት ክር የበጠሰችበትን ጥርሷን ሲባጎው ላይ አሳረፈችና በጠሰችው።

እሑድ ሙሽራዋ ባለ ሁለት እጅጌ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እኔም ተረቴን እዚህ ላይ በጥርሴ በጠስኩት።