ውሉ ለምን ቆመ?

ሰላሙን ያብዛላችሁ፤ እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ።

መንበሩ የሚባል ገበሬ ቲማቲሙ ደረሰለት። ድልህ የሚሠራው ፋብሪካ ሊገዛው ተስማማ፤ ውሉ ካልተፈረመ ግን መኪና አይልክም። ቲማቲም ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

ውሉን ይዞ ግዢ ክፍል ገባ። የግዢው ሹም ወረቀቱን ገለባብጦ አየና፣ የጥራት ክፍሏ ሹም ሳትፈርም ብፈርም ጉቦ በልቷል እባላለሁ አለው። መንበሩ እነዚህ ሰዎች የሆነ ነገር ሸርበውብኛል እያለ፣ ዳዊቱን እያነበነበ ደጅ ተቀመጠ።

እዚያ ወይዘሮ ትርሲት አገኘችው። የፋብሪካው የካይዘን፣ ማለት የአሠራር ማሻሻያ፣ ሠራተኛ ናት፤ ማሽን ሲቆም ብክነት ነው ብላ "ለምን ቆመ?" እያለች ምክንያቱን እስከ ሥሩ ትከተላለች። ወረቀት ሲቆም ግን ጠይቃ አታውቅም። "ይነሡ ጋሼ፣ እንጠይቅ" አለችው።

ጥራት ክፍል ሄዱ። ለምን ቆመ? ሹሟ፣ ሕግ ክፍል ሳይፈርም አልፈርምም፣ ኋላ በእኔ ይላከካል አለች። ሕግ ካልፈረመ ጥራት አትፈርም፣ ጥራት ካልፈረመች ግዢ አይፈርም፣ ግዢ ካልፈረመ መኪና አይሄድ፤ ቲማቲሙ ይቀላል።

ሕግ ክፍል ሄዱ። ለምን ቆመ? ሰውየው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ አለቃ ሳይፈርሙ ማን ወደ እኔ ላካችሁ አለ። አለቃ ካልፈረሙ ሕግ አይፈርም፣ ሕግ ካልፈረመ ጥራት አትፈርም፣ ጥራት ካልፈረመች ግዢ አይፈርም፣ ግዢ ካልፈረመ መኪና አይሄድ፤ ቲማቲሙ ይለሰልሳል።

አለቃው ዘንድ ገቡ። እሳቸውም ወረቀቱን አዩ፣ መንበሩን አዩ። "ሻጩ ራሱ ያልፈረመበትን ልፈርም?"

ትርሲት ዞረች። "ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ቆሙ?"

"ምን በወጣኝ ልቅደም? ከታች ያለው ባዶ ቦታ እኮ እርሻዬን ያህላል። ከፈረምኩ በኋላ 'የበሰበሰው የራሱ ነው' ብለው ቢጨምሩበት ማን ይመሰክርልኛል?"

መንበሩ ካልፈረመ አለቃ አይፈርሙ፣ አለቃ ካልፈረሙ ሕግ አይፈርም፣ ሕግ ካልፈረመ ጥራት አትፈርም፣ ጥራት ካልፈረመች ግዢ አይፈርም፣ ግዢ ካልፈረመ መኪና አይሄድ፤ ቲማቲሙ ሊፈርጥ ነው።

ትርሲት እስክሪብቶ ሰጠችው። "ባዶውን በመስመር ይዝጉት። መጻፊያ ቦታ አያስቀሩልን።"

አማተበ፤ ባዶውን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው፤ በስሙ ትይዩ ፈረመ።

መንበሩ ቢፈርም አለቃ ፈረሙ፣ አለቃ ቢፈርሙ ሕግ ፈረመ፣ ሕግ ቢፈርም ጥራት ፈረመች፣ ጥራት ብትፈርም ግዢ ፈረመ፣ ግዢ ቢፈርም መኪናው ሄደ፤ ቲማቲሙም ሳይፈርጥ ተጫነ።

መንበሩ ግን ጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሾፌሩ "አላመንከኝም?" ቢለው፣ "የማምነው እግዜርን ነው፤ አንተ መንገዱን እያየህ ንዳ" አለው።

የእሱን ያስኬደ አምላክ የእናንተንም የቆመ ነገር ያስኪድላችሁ።