አያ ስንሻውና የክረምቱ ብረት

በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከወንዙ በላይ፣ አንዲት የገብስ ማሳ አለች። የስንሻው ማሳ ይሏታል። ስንሻው ቀድሞ የራሱ የሚላት ጢሻ እንኳ ያልነበረው ጭሰኛ ነው። ማሳዋን ያገኛት ዘምቶ አይደለም፤ ወርሶም አይደለም። አባቶች ሲያወሩት እንዲህ ነው።

፩

ቀኛዝማች ደርሰህ የአባታቸውን ጎራዴ፣ አንድ ሸክም ጦር፣ ልጓምና እርካብ በዕቃ ቤት ያስቀምጡ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጉሙ ዕቃ ቤት ድረስ ይዘልቃል። ለመስቀል ሲወጣ ብረቱ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠባቂ ሁሉ እየተባረረ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ አያ ስንሻው «እኔ አለሁ» ብሎ ቀረበ። ቀኛዝማች ከላይ እስከ ታች አዩት። ወገቡ ላይ የሻጠው ማጭድ ቀይ አፈር መስሏል።

«አንተ፣ የራስህ ማጭድ እንዲህ ዝጎ የኔን ብረት ልትጠብቅ ነው?»

«ጌታዬ፣ በዚህ አገር እንደኔ ዝገትን ከቤቱ ያሳደገ የለም። ሌባ ያስቸገረው ሰው የሌባውን አባት በር ላይ ያስቀምጣል።»

ቀኛዝማች ሳቁ። ነገሩን ግን በሳቅ አልተዉትም።

«ብረቱ ለመስቀል ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ከወንዙ በላይ ያለችው ማሳ ያንተ ናት። አንዲት ነጥብ ዝገት ካየሁ ግን ጎጆህን አፍርሰህ ከአገሬ ትወጣለህ» አሉ።

አያ ስንሻው እጅ ነሥቶ ወጣ። ከግቢው እስኪርቅ በኩራት ተራመደ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ።

፪

ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ ነገር ይፈልጋል። የቀኛዝማች ጓዳ በአዛዥ ዓለሜ እጅ ነው። አዛዥ ዓለሜ ደግሞ ለእንግዳ ጠላ ሲያስቀዱ ቶሎ የሞላ እንዲመስል ዋንጫውን ራሳቸው የሚያጋድሉ ሰው ናቸው።

«ቅቤ ለብረት? ምን ዘመን መጣ! በምራቅህ እሸው» አሉት።

«ምራቄማ አለቀ፣ አዛዥ። ሚስቴ ስትቆጣ የምውጠው እሱን ነው።»

ጓዳ ያሉት ሴቶች ሲስቁ አዛዡ አፈሩ። ከእንስራው ጥግ አንድ ጭብጥ ለጋ ቅቤ ቆንጥረው በቅጠል ሰጡት።

፫

አያ ስንሻው ብረቱን ወደ ጎጆው አስጭኖ ቅቤውን ይዞ ገባ። ጎራዴው የጌታ አባት ጎራዴ ነውና ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ቀባው፤ እንደ ሙሽራ ራስ ቅቤውን ጫን አደረገበት። ከዚያ በሰገባው ከትቶ ተኛ። ሰንበት አልፎ ቢመዘው ብረቱ ቀልቷል።

ሚስቱ እናኑ አየችና ራሷን ያዘች።

«አንተ ሰው! ለጋ ቅቤ ቀባኸው?»

«ቅቤ ቅቤ ነው ብዬ።»

«ያልነጠረ ቅቤ ሆዱ ውስጥ አሬራ አለ እኮ! ብረቱን አሬራ አጠጣኸው!»

አያ ስንሻው ጎራዴውን አገላብጦ አየና ተነፈሰ።

«ብረቱስ ታደለ። አሬራ ጠጥቶ ቢቀላ ይኸው ሁለት ሰው ቆሞ ያለቅስለታል። እኔ ጠላ ጠጥቼ ስቀላ በሩን ነው የምትዘጊብኝ።»

እናኑ አልሳቀችም። እጅጌዋን ሰበሰበች። ብረቱን በአመድና በአሸዋ ሲፈገፍጉ ሰነበቱ። ሁሉም ጠራ። ጎራዴው ላይ ብቻ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ምስር የምታህል ነጥብ አልለቅ አለች። አያ ስንሻው ክንዱ እስኪዝል ፈገፈጋት። እሷም እንዳለች ቀረች።

«ለጋ ቅቤ የሰጡኝ አዛዥ ናቸው ብለህ ትናገራለህ» አለች እናኑ።

«የቀባውስ እጅ የማን ነው ቢሉኝ?»

፬

ከዚያ እናኑ ሞራ ከሰም ጋር አቀለጠች። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን ብረቱን ደጅ አስጥተው አንድ በአንድ ቀቡት። የጎረቤታቸው የአያ ቸኮል ውሻ ሞራው ሸተተውና መጥቶ የጦር ጫፍ ላሰ። ምላሱም ተቆረጠ። አያ ቸኮል ነጠላውን አጣፍቶ ከዳኛ ዘንድ ሄደ።

ዳኛው ወይራው ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙ።

«ስንሻው፣ የሰው ውሻ ምላሱን የተቆረጠው አንተ ስለት ላይ ሞራ ቀብተህ ነው። ምን ትላለህ?»

«ዳኛዬ፣ ይህ ውሻ ምላሱ ጉዳት ላይ የጣለው አንድ ቀን ነው። እኔን ምላሴ ዕድሜ ልኬን ሲጥለኝ ኖረ። ዘንድሮ ደግሞ ጎጆዬን አስይዞብኛል። እስካሁን ማንን ከሰስሁ?»

ዳኛው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አያ ቸኮል ውሻውን ጠርቶ ሄደ።

፭

የተቀባው ብረት በደረቅ አሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከምድጃው በላይ፣ እርጥበት ከማይደርስበት ቆጥ ላይ ተሰቀለ። አዛዥ ዓለሜ ሊጎበኙ መጡና ተቆጡ።

«የጌታ ጦር ወግ አለው! መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ እንደ ቋንጣ ይንጠለጠላል?»

«ቋንጣም የሚሰቀለው እንዳይበላሽ ነው፣ አዛዥ። የደጋ መሬት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ከፈለጉ የኔን ወገብ ይዩት። ስተኛበት ኖሬ ይኸው ጎንበስ ስል እንደ አሮጌ በር ይጮሃል።»

አዛዡ ቀና ብለው ቆጡን አዩ። ወደ ጎራዴው ሲደርሱ ጨርቁን ገለጥ አደረጉ፤ መልሰውም ሸፈኑት።  አያ ስንሻው ነጥቧን እንዳዩ ገባው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣ።

፮

የቀኛዝማች አማች ግራዝማች አበረ በዚያ ሲያልፉ ዝናብ ይዟቸው አያ ስንሻው ጎጆ ውስጥ ተጠለሉ። ላይ ሲመለከቱ ብረቱ ሁሉ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ታች ሲመለከቱ አያ ስንሻው ትከሻው በቀዳዳው ይታያል።

«አንተ ጅል፣ ብረት አልብሰህ ራስህ ራቁትህን ትቀመጣለህ?»

«ብረቱ ቢዝግ የሚጠይቅ ባለቤት አለው፣ ጌታው። እኔ ብዝግ እናኑ እንኳ አመድ አታባክንብኝም።»

«አመዱ ያልቅብኛላ!» አለች እናኑ ከምድጃው ዳር።

፯

መስቀል ደረሰ። ደመራው በነደደ ማግስት ብረቱ ግቢው ውስጥ በሳር ላይ ተዘረጋ። ጨርቁ ሲፈታ ጦሩ እንደ ዓሣ ሆድ አበራ። ልጓሙም፣ እርካቡም ጠርቷል። ሰው አጨበጨበ። ቀኛዝማች ፊታቸው በርቶ የአባታቸውን ጎራዴ አነሡ።

አዛዥ ዓለሜ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጌታዬ፣ ከእጀታው ዝቅ ብለው ይመልከቱ።»

ቀኛዝማች ጎራዴውን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ጭብጨባው ቆመ።

«ስንሻው፣ አንዲት ነጥብ ብዬህ ነበር። ይህችስ ምንድን ናት?»

እናኑ ከሴቶቹ መካከል የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አዛዡ ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር። አያ ስንሻው ቀረብ ብሎ ነጥቧን ትክ ብሎ አያት፤ ወደ አዛዡ ግን አልዞረም። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ወገቡም ጮኸ።

«ጌታዬ፣ የሌባው አባት እኔ ነኝ ብዬዎት ነበር። ክረምቱን ሙሉ ልጆቼን አንድ በአንድ ከቤትዎ ሳባርር ከረምሁ፤ ይህችን የመጨረሻዋን ለማባረር ግን አንጀቴ እንቢ አለኝ።»