ቦረቦሩና መሰላሉ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ስሙን ብነግርሽ የሚጨምርልሽ ነገር የለም። ወለተ ሐና፣ የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ ኃጢአት ይዤ እርስዎ ዘንድ መመላለስ ሰለቸኝ፤ እግዚአብሔርም የሰለቸው ይመስለኛል፤ ከእንግዲህ ብቀርስ?» ነው ያልሽው። የንስሐ አባትሽ ነኝና ቶሎ ብዬ «አትቅሪ» ማለት እችል ነበር። ግን አታምኚኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሰው ልንገርሽ። አታቋርጪኝ፤ አርጅቻለሁ፣ ካቋረጡኝ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ይህ ሰው ከአባቱ የወረሰው ተዳፋት መሬት ነበረው። ቤቱ ከላይ፣ ማሳው ከታች፣ ከማሳው በታች ደግሞ ክትክታና አጋም የበቀለበት ጠርዝ፣ ከዚያ ወንዙ። አባቱ በሕይወት ሳለ «ያንን ቁጥቋጦ እንዳትነካው፤ አፈሩን ይዞ ያቆመው እሱ ነው» ብሎት ነበር። ልጁ ግን አባቱ ከተቀበረ ዓመት ሳይሞላው ጠርዙን መንጥሮ አረሰው። የክረምቱ ውሃ ቶሎ እንዲወርድለትም ቁልቁል ትልም አወጣለት። በዚያ ዓመት እህሉ ጥሩ ሆነለት። ኃጢአትም እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ አይከፋም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

በሁለተኛው ክረምት ውሃው በትልሙ ወርዶ ጠርዙ ላይ ስንዝር የምትሆን ስንጥቅ አወጣ። ሰውየው ተራምዷት አለፈ። በሦስተኛው ክረምት መዝለል አስፈለገው። በአራተኛው አንዱ በሬው ገብቶባት እግሩ ተሰበረና ታረደ። ያን ጊዜ ሰውየው ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ፣ ያቺ ስንጥቅ ሰው ከውስጧ ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ጫፉን የማይነካባት ቦረቦር ሆናለች። ይባስ ብሎ አፏ ወደ ቤቱ ዞሯል። በየክረምቱ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም እርምጃ እየበላች ወደ ላይ ትወጣለች። ሰውየው ከቤቱ በር ጀምሮ በእርምጃው ለካ፤ ሰማንያ ሆነ። ስድስት ወይም ሰባት ክረምት ማለት ነው፣ ከዚያ ቤቱ ቦረቦሩ ውስጥ ይገባል። የሚወቅሰው ሰው ፈለገ፤ አላገኘም። በገዛ እጁ ያመጣው ነገር ነበር።

መስቀል አልፎ መሬቱ ሲጠነክር መሰላል ሠርቶ ወደ ቦረቦሩ ወረደ። ያለ መሰላል መውረድም ሆነ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም። ታች ወርዶም ክትር መሥራት ጀመረ። ክትር ማለት የጎርፉን መንገድ የሚዘጋ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ይደረደራል። ድንጋይ ሲያንሰው ሚስቱ ለሁለት የተሰነጠቀ አሮጌ ወፍጮዋን ሰጠችው፤ እሱንም ከሁሉ በታች አጋደመው። ጥር ላይ ጨረሰ። ደስ ስላለው ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳያቸው። «ከእንግዲህ ከዚህ መሬት አንድ ጭብጥ አፈር አይወጣም» አለ፤ በመስቀሉም ማለ።

ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከተራራው የወረደ ጎርፍ ክትሩን ከላይ ቀደደው።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሠራው፤ ደግሞ ፈረሰ። በሦስተኛውም እንደዚያው። ጎረቤቱ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር «ዘንድሮስ ለጎርፉ ስንት ድንጋይ ልታበላው ነው?» ይለዋል። ሰውየው መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በኋላ መሳቁን ትቶ አንገቱን ደፍቶ መደርደር ያዘ። መማሉንም ተወ። በጥር ምሎ በነሐሴ ከሚያፍር ዝም ብሎ መሥራት ተሻለው።

እውነቱን ልንገርሽና፣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ጎርፉ ብቻ አልነበረም። በአራተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ሰውየው ከክትሩ መሃል ውሃ የምታንጠባጥብ ቀዳዳ አየ። አንድ ድንጋይና ሁለት እፍኝ ጭቃ ይበቃት ነበር። ብርድ ነው፣ ያካፋል፣ እሱም ጋቢውን ተከናንቧል። «ነገ» አለ። በማግስቱም አያት፤ አሁንም «ነገ» አለ። በሦስተኛው ቀን ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ መሃሉን ይዞት ሄደ። ያን ቀን ሰውየው እህል አልቀመሰም። ጎርፍ ሲያፈርስበት ያዝን ነበር፤ እያየ ያስፈረሰው ሲሆን ግን ራሱን ጠላ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይመለስ ጀመር። «እኔ ምን አፍ አለኝ» ይል ነበር ለሚስቱ።

ሰባተኛው ክረምት ደረሰ። በዚያ ዓመት ያላደረገው ነገር የለም። ድንጋዩን ከወንዝ ማዶ በትከሻው አጋዘ፤ ከበፊቱ እጥፍ አወፈረው። ሐምሌን በሙሉ ጆንያ ራሱ ላይ ጥሎ በዝናብ እየወረደ እያንዳንዱን ቀዳዳ ደፈነ። አንድ ቀን እንኳ «ነገ» አላለም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ሰውየውና ሚስቱ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ፣ ክትሩ ሲናድ ድምፁን ሰሙት። ጎርፉ ከቦረቦሩ አፍ አጠገብ የነበረውን የሚስቱን የጎመን መደብም ጠርጎ ወሰደ።

«በቃ» አለች ሚስቱ። አልጮኸችም። «በቃ እንግዲህ። ዝናቡ ሲያባራ ድንጋይህን ልቀምና ኮረብታው ላይ ቤት እንሥራ።»

ኮረብታው ድንጋያማ ነው፤ ምንም አይበቅልበትም፣ ውሃም ሩቅ ነው። እዚያ መውጣት ማለት የአባቱን መሬት ለቦረቦሩ ትቶ የሰው እርሻ እያረሱ መኖር ማለት ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ ያውቃል። ሆኖም አልተከራከራትም፤ በምን አፉ ይከራከራታል? ሰባት ዓመት ለፍቶ የሚያሳየው አንድ ደኅና ክትር የለውም። ሌላው ሰው ቢሆን ይችለው ነበር፣ እኔ ግን አልተፈጠርኩለትም ብሎ ደመደመ።

ጥቅምት ላይ ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። ለማፍረስ ብሎ ሲወርድ የመጀመሪያው ነበር፤ ሆድ ባሰውና ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ጎርፉ የበታተነውን ለቀመ። ከላይ ተርፎ የቆመውን ረድፍ ነቀለ። ወደ ቀጣዩ ረድፍ ሲደርስ ግን ድንጋዩ አልነቃነቅ አለው፤ አፈር ይዞታል። ዙሪያውን ቆፈረ። ከሥሩ ሌላ ረድፍ አለ፤ እሱንም አፈር ይዞታል። ከዚያም በታች ሌላ። ሰውየው ተናደደ። «የገዛ ድንጋዬን እንኳ አልወስድም?» አለና በእልህ ቆፈረ። ጉልበቱ ድረስ ገባ፣ ወገቡ ድረስ ገባ፣ ደረቱ ድረስ ገባ። የሚወጣው አፈር ጥቁርና የላመ ነበር፤ ንዴት ስላሳወረው ይህን ልብ አላለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድጅኖው ከበታች አንድ ጠፍጣፋ ነገር መታ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጠረገው። ለሁለት የተሰነጠቀ ወፍጮ ነው።

ሚስቱ ሲቆይባት የሚጠጣ ውሃ ይዛ መጣች። ጠርዙ ላይ ቆማ ስታይ ባሏ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል፤ ከላይ ሆና ስታየው የሚታያት አናቱ ብቻ ነው።

«ምን ነካህ? ድንጋይ ልቀም አልኩህ እንጂ ጉድጓድ ቆፍር አልኩህ? ደግሞስ ያለ መሰላል በምን ልትወጣ ነው?»

ሰውየው ቀና አለ። ጠርዙ ልክ እንደ መጀመሪያው ዓመት ከራሱ በላይ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ አይደርስበትም። ወፍጮውን ባጋደመበት ቀን የቆመበት መሬት ላይ ነው የቆመው።

«መሰላሉ የት ሄደ?» አለ፣ ራሱን እንደሚጠይቅ።

«የት ይሄዳል፣ የዶሮ ቆጥ አደረግኩት እንጂ። ሁለት ዓመት ሆነው። ስትፈልገው አይቼህ አላውቅም።»

አልፈለገውማ። እየተንጠላጠለ ከጉድጓዱ ወጣና ክትሩ አጠገብ ቆመ፤ የቦረቦሩ ጠርዝ ወገቡ ጋ ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልክ ከመደብ ላይ እንደሚወርድ ሰው እየወረደ፣ እየወጣ፣ ይህን አላየም። በየዓመቱ ወርዶ የሚያየው የፈረሰውን ብቻ ነበር፤ ከፈረሰው በታች ምን እንደቀረ ለማየት ዓይን አልነበረውም። ጎርፉ ክትሩን ከላይ እየቀደደ ባለፈ ቁጥር፣ ከታች ጸንቶ የቀረው ድንጋይ አፈር አስቀርቷል። አፈሩን ሰውየው አላመጣውም፤ ከየትኛው ተራራ እንደመጣም አያውቅም። የእሱ ሥራ ድንጋይ መደርደር ብቻ ነበር።

ሚስቱ አንድ እግሯን አስቀድማ ያለ ችግር ወረደች። ወደ ጉድጓዱ አጎንብሳ ወፍጮዋን አየችው። ከዚያ የውሃውን ቅል ለባሏ ሰጠችውና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የተቆፈረውን አፈር በእጇ ወደ ጉድጓዱ ትመልስ ጀመር። እሱም ውሃውን ጠጥቶ አገዛት። ሲጨርሱ ከላይ የነቀለውን ረድፍ መልሶ ደረደረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ በእልልታ ያለቀ እንዳይመስልሽ። በሚቀጥለው ነሐሴም ፈረሰ። በሌላውም ነሐሴ ፈረሰ። ጎረቤቱም ማሾፉን አልተወም። ሰውየው የሞተው በጥር ነው፣ ክትሩን ሲጠግን ያገኘው ብርድ ለሳንባ ምች ዳርጎት። በሞተበት ቀን ቦረቦሩ አልተደፈነም፤ ለመሙላት ጉልበት ድረስ የሚሆን ቀርቶት ነበር። መሬቱ ደኅና ሆኖ ሳያይ ተቀበረ። ይህን ያወራችልኝ ሚስቱ ናት፤ ዛሬም በዚያው ቤት አለች። ለፍትሐቱ ሄጄ ስመለስ ከበሩ እስከ ቦረቦሩ አፍ በእርምጃዬ ለካሁት። ስልሳ አራት ነው፤ ያ ሁሉ ክረምት ከሰማንያው የበላው ዐሥራ ስድስት እርምጃ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልምጣ። ቦረቦሩ ቁጣሽ ነው፤ አልጋ ላይ በቀረችው አማትሽ ላይ የምታወርጂው። ክትሩ ንስሐሽ ነው። አንቺ በየዓመቱ መጥተሽ «ያው ነው አባ» ትይኛለሽ። እኔ ግን ብረሳም ይህን አልረሳም። መጀመሪያ የመጣሽ ጊዜ ሴትዮዋን በጥፊ መትተሻት፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ምግብ በር ዘግተሽባት ሄደሽ ነበር። በሦስተኛው ዓመት እጅሽን አላነሣሽባትም፤ ረገምሻት። ዛሬ የነገርሽኝ ምንድን ነው? ሁለቴ ስትጣራ ዝም አልሻት፤ ኩባያውን አጠገቧ ዘጭ አድርገሽ አስቀመጥሽው፤ በሩ ጋ ከደረስሽ በኋላ ተመልሰሽ ጉልበቷን ስመሽ ይቅርታ ጠየቅሽ። ስሙ ቁጣ ነው፣ እሺ፣ ያው ነው። ግን ያኔ ከኀፍረትሽ ብዛት መራመድ አቅቶሽ፣ እህትሽ ክንድሽን ይዛ ነበር ከዚህ ያደረሰችሽ። ዛሬ እህትሽ ወዴት ናት? ማን ይዞሽ መጣ?

ጎርፉን ማመስገኔ አይደለም። የዚያችን አሮጊት ጥፊ ከፊቷ ላይ የሚያነሣላት የለም፤ አንቺም እሱን እያስታወስሽ ትሞቻለሽ። ቀዳዳውን እያየሽ «ነገ» እንድትዪም አልፈቅድልሽም። ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ይፈርስብሻል፤ ልዋሽሽ አልችልም። ምናልባት ሳይደፈን እንሞት ይሆናል፣ አንቺም፣ እኔም። የእኔ ቦረቦር የት እንዳለ አልነግርሽም፤ እኔም የንስሐ አባት አለኝ፣ ባለፈው ሳምንት እሱ ዘንድ ሄጄ ያንኑ ነገር ነግሬው መጣሁ። «ድንጋዬን ልልቀም» አትበይ እንጂ ሌላውን ተይው። አፈሩን የሚያመጣው ሌላ ነው።

አሁን ተነሺ፤ አማትሽ ውሃ የምትጠጣበት ሰዓት ነው። ኩባያውን ቀስ አድርገሽ አስቀምጪላት። ካልሆነልሽም፣ ማክሰኞ እዚሁ ነኝ።