የእምቢ ባዩ ወንበር

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህን ተረት ሳወራ ስለምናደድ ድምፄ ከፍ ካለ እንዳትደነግጡ፤ ንዴቴ በእናንተ ላይ አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ ሰንበሌጤ በሚባል አገር፣ ጆሮው የደነደነ ንጉሥ ነበረ። ክፉ ነው እንዳልል ሲስቅ ደስ ይላል፤ ደግ ነው እንዳልል የሌላው ጥም አይታየውም።

በዚያው አገር ለሕዝብ እንሟገታለን የሚሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ባላምባራስ ወሰንየለህ ናቸው፤ ሲናገሩ ከአፋቸው ማር ጠብ ይላል። ሌላው አለቃ ቢያድግልኝ ናቸው፤ የሰው እንከን ለማየት ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው። ደግሞ ወይዘሮ እንጉዳይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሽንኩርትና ጎመን አልምታ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ብዙ አትናገርም፤ ካልተመለሰላት ግን ያንኑ ደግማ ትጠይቃለች።

እንግዲህ ንጉሡ ፈረስ ይወድ ነበር። ለፈረሶቹ በበጋም የማይደርቅ መስክ አማረው። ከተራራው የሚወርደውን ወንዝ አስገደበና ወደ መስኩ አዞረው። ታች ያለው ሕዝብ ጠዋት ሲነሳ ቦዩ ደርቆ፣ እንቁራሪቱ ጭቃው ላይ ተገልብጦ አገኘ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። በገበያ አጉረመረመ፣ በደጀ ሰላም አጉረመረመ፣ በመንገድ ላይ አጉረመረመ። ጉርምርምታው ቤተ መንግሥት ሲደርስ ንጉሡ አገሩን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«ከእንግዲህ በችሎቴ የእምቢ ባይ ወንበር ይኖራል። በየዓመቱ እናንተ የመረጣችሁት ሰው ይቀመጥበትና ያልወደዳችሁትን ነገር እምቢ ይበለኝ። አልቆጣም።»

ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው እስኪበርድ ድረስ ውሃውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ባላምባራስ ወንበሩ ለእኔ ይገባል አሉ። አለቃም የለም፣ ለእኔ ነው የሚገባው አሉ። ሕዝቡ ለመምረጥ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ሁለቱ ሲከራከሩ ጀምበር ዘቀዘቀች። እንጉዳይ ከኋላ ተነሳችና «ውሃውስ?» ብላ ጠየቀች። «መጀመሪያ ወንበሩ» አሏት።

በሁለተኛው ስብሰባ የባላምባራስ አያት ይበልጣሉ ወይስ የአለቃ አያት ተባለ። እንጉዳይ ተነሳች። «ውሃውስ?» «መጀመሪያ ወንበሩ።»

በሦስተኛው ስብሰባ ጭቅጭቁ እስከ ዱላ ደረሰ። እንጉዳይ ተነሳች። አሁንም መልሱ ያው ነበር።

ምን ልበላችሁ? አንድ ወንዝ ያጠጣው ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። የባላምባራስ ወገን በአለቃ ወገን ሠርግ አይበላም። የአለቃ ወገን ለባላምባራስ ወገን ደቦ አይወጣም። ለቅሶ እንኳ ድንኳን ለየ። ንጉሡ ይህን ሁሉ ከሰገነቱ ሆኖ ያያል፤ ፈረሶቹም ለምለም ሣር ይግጣሉ።

በመጨረሻ ባላምባራስ ተመረጡና ወንበሩ ላይ ወጡ።

በመጀመሪያው ችሎት ንጉሡ የጋራውን ግጦሽ ላርሰው ነው አለ። ባላምባራስ ተነስተው እጅ ነሱ። እምቢ ለማለት እንደሚከብዳቸው፣ እሺ ለማለትም እንደማይቀላቸው፣ ነገሩ በሰፊው ቢታይ መልካም እንደሆነ አሳምረው ተናገሩ። ንጉሡ ግጦሹን አረሰ፤ ለባላምባራስ ካባ ሸለማቸው። እሳቸውም ካባውን ደርበው ወደ ሕዝቡ መጡና «ተደምጠናል» አሉ።

በሁለተኛው ችሎት ንጉሡ ሕዝቡ በየሳምንቱ እየመጣ ጋጣዬን ይጥረግ አለ። ባላምባራስ ከመጀመሪያው የበለጠ አሳምረው ተናገሩ። ሕዝቡ ጋጣ ጠረገ፤ ባላምባራስ በቅሎ ተሸለሙ። «ተከብረናል» ብለው ተመለሱ።

በሦስተኛው ችሎት ንጉሡ ለሕዝቡ የቀረችውን አንዲት የመጠጥ ምንጭ ላጥራት ነው አለ። ይኼኔ ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጉሮሯቸውን ከመጥረግ በቀር ምንም አላሉም። ምንጯ ታጠረች፤ ለወንበሩ የሐር ትራስ ተጨመረ። «አሁንስ ሥር ሰደናል» ብለው ተመለሱ።

አለቃ ቢያድግልኝስ? እሳቸው ከየችሎቱ በኋላ ሰው ሰብስበው ባላምባራስን ይወቅሳሉ። አጎነባበሳቸውን ወቀሱ፣ የካባቸውን ጥልፍ ወቀሱ፣ የበቅሏቸውን አረማመድ ወቀሱ። ስለ ንጉሡ ግን ትንፍሽ አላሉም። ለምን ትላላችሁ? ነገ ወንበሩ ላይ ሲወጡ ንጉሡ እንዳያኮርፋቸው ነዋ።

ምንጯ ከታጠረች በኋላ ሰው የኩሬ ውሃ መጠጣት ጀመረ። የእንጉዳይ ትንሿ ልጅ ዝናሽ ከዚያ ጠጥታ ሆዷ ተላወሰ። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። «እማ፣ ንጹሕ ስጪኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ ንጹሕ ግን የለም። በኋላ ማልቀሱንም ተወችው። እንጉዳይን ያስፈራት ልቅሶው ሳይሆን ዝምታው ነበር።

ልጅቷን ለእህቷ ሰጥታ ወደ ባላምባራስ ሄደች። ከሕዝቡ ጋር ወጥተው ግድቡን እንዲያስከፍቱ ለመነቻቸው። ባላምባራስ በጣም አዘኑላት። ነገር ግን እንዲህ ያለ ችኮላ ንጉሡን ሊያስቆጣ እንደሚችል፣ ከተቆጣም ወንበሩን ሊወስደው እንደሚችል አስረዷት።

«ጌታዬ፣ ወንበሩ ቢወሰድ ምን ይቀርብናል?» አለች።

ባላምባራስ ይህን ጥያቄ አልወደዱትም። እንግዳ አለብኝ ብለው ገቡ።

ወደ አለቃ ሄደች። አለቃ የባላምባራስን ጥፋት ከመጀመሪያው ጀምረው ዘረዘሩላት። ዘርዝረው ሲያበቁ ለሚመጣው ዓመት ወንበሩ ላይ እስኪወጡ እንድትታገስ መከሯት።

«ልጄ እስከዚያ አትቆይም» አለች እንጉዳይ።

በመንገድ ላይ ስትመለስ ተናደደች። እነዚህን ሰዎች ስትለምን የባከነው ጊዜ ቆጫት። ቤቷ አልገባችም። የጎረቤቷን በር አንኳኳች፤ ከዚያ የቀጣዩን፤ ከዚያ የቀጣዩን። የማን ወገን ነህ ብላ የጠየቀችው ሰው የለም። «ቤትህ ንጹሕ ውሃ አለ ወይ?» ብቻ አለች። የለም ያላትን ሁሉ «በል ዶማህን ይዘህ ና» አለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሁለቱም ወገን ሰው ተራራውን ይወጣ ጀመር። በለቅሶ ድንኳን የተለያዩ ሰዎች ዶማ ተዋዋሱ። በሠርግ የተኳረፉ ሴቶች ልጅ ተቀባበሉ።

ግድቡ ላይ የንጉሡ ዘበኞች ጦር ይዘው ቆመዋል። ሹማቸው አድማሱ ይባላል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። ተመለሱ ብሎ ጮኸ። ማንም አልተመለሰም። ጦሩን ሊያነሳ ሲል የገዛ እናቱን ከፊት ረድፍ ዶማ ይዘው አያቸው። አድማሱ ጦሩን መሬት ላይ አስተኛ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው አስተኙ።

ንጉሡ ይህን ሰምቶ በፈረሱ እየጋለበ ደረሰ።

«እምቢ የሚልላችሁ ሰው ሰጥቻችሁ የለም ወይ?» አለ። «ለምን በእሱ አልተናገራችሁም?»

«ጃንሆይ» አለች እንጉዳይ፣ «እዚያ የተቀመጡት ሰውዬ አልጠማቸውም።»

ንጉሡ ፈገግ አለ። ይህን ፈገግታ ባላምባራስ በየሽልማታቸው አይተውታል።

«አስተዋይ ሴት ነሽ» አላት። «ወንበሩን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ለልጅሽም ከእልፍኜ ውሃ ይቀዳላታል፤ አሁኑኑ። ሰውን ወደ ቤቱ መልሽልኝ።»

ልጆች፣ እዚህ ላይ እንጉዳይ አመነታች። አትፍረዱባት። ልጇ ቤት ውስጥ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች፤ እሺ ብትል ልጅቷ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትጠጣለች። ዞር ብላ ሰውን አየች። የሌላው ሰው ልጅም በእናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን ደፍቷል።

«እኔ ከተቀመጥኩ እነዚህ ይበተናሉ» አለች። «ከተበተኑ ደግሞ ነገ ለእኔም ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ይተርፈኛል። ይቅርብኝ።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ዶማዋን ግድቡ ላይ አሳረፈች። ሰው ሁሉ አብሯት ጎንበስ አለ።

ንጉሡ ጠባቂዎቹን አየ፤ ጦራቸው መሬት ላይ ነው። ሕዝቡን አየ፤ ይህን ሁሉ ሰው ቢያስር እርሻውን ማን ያርስለታል? ጋጣውን ማን ይጠርግለታል? ፈረሱን አዙሮ ቁልቁል ወረደ። ግድቡ ተናደ። ውሃው መጀመሪያ ጭቃ ሆኖ፣ ቀጥሎ ድፍርስ ሆኖ፣ በኋላ ኩልል ብሎ ፈሰሰ። ወዲያው የምንጯን አጥርም ነቀሉት። እንጉዳይ ከምንጯ ቀድታ ሮጠች። ዝናሽ በጠብታ በጠብታ ጠጣች፤ ለመዳን ብዙ ቀን ፈጀባት፣ ግን ዳነች።

አሁን ደግሞ የሚያናድደውን ስሙ። ባላምባራስ ወሰንየለህ ወጡና «ግድቡ የተከፈተው በእኔ ለስላሳ ቃል ነው» አሉ። አለቃ ቢያድግልኝም «በእኔ ብርቱ ወቀሳ ነው» አሉ። የሚሰማቸው ሰው አለመጥፋቱ ነው የሚገርመኝ።

ሕዝቡ ግን ይህን ያህል ተምሮ ነበር። የውሃ ተራ ሲያወጣ ግድቡን የቆፈረ ሁሉ በፊት ያጠጣ፣ ያልቆፈረ መጨረሻ ያጠጣ ብሎ ቆረጠ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ተራቸው ደርሶ ውሃው ማሳቸው ዳር ሲመጣ፣ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ብለው ክርክር ገጠሙ። አያት ተቆጠረ፣ ካባ ተወቀሰ። ክርክሩ ሳያልቅ ሰዓታቸው አለፈና ተራ የሚያስከብረው የውሃ ዳኛ ቦዩን ወደ ሌላ ሰው ማሳ መለሰው። የሁለቱም ጎመን በዚያ ዓመት ደረቀ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስለ እናንተ እናገራለሁ የሚላችሁን ሰው አንደበቱን ብቻ አትስሙ፤ እናንተ የጠማችሁ ነገር እሱንም ጠምቶት እንደሆነ እዩ። እሱ ካልጠማው፣ ዶማችሁን አንሱ።

እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ። በንዴት ብዙ ስላወራሁ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ በሉ አንዳችሁ ተነሱና ውሃ አቀብሉኝ፤ ማን ይነሳ እያላችሁ ግን ስብሰባ አትቀመጡብኝ።