የካቻምና እንጨት

ተረት ተረት።

«የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት ላም የለችም። «የእንጨት በረት» በሉ። እንዲያ ነው! አሁን ዝም ብላችሁ ስሙ። መሃል ላይ «ከዚያስ?» የሚለኝን ልጅ አልወድም። ከዚያውን እኔው አውቀዋለሁ።

ድሮ ነው። ከደጋው በላይ፣ ገብስ እንኳ እየተንቀጠቀጠ የሚበቅልበት አንድ የውርጭ አገር ነበረ። እዚያ ክረምት ሲገባ ፀሐይ ትጠፋለች። ጉም ከገደሉ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነው።

በዚያ አገር ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ትብለጥ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። አንዲት ስላችሁ አንዲት ብቻ ወልዳ አይደለም። ከትብለጥ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ነበር። ሁለቱንም በነሐሴ ወለደቻቸው። በሁለቱም ጊዜ እንጨቱ እርጥብ ሆነና እሳት እምቢ አለ። ሁለቱንም ብርድ ወሰደባት። ከዚያ ወዲያ ዘርፌ ሰው አታምንም፤ ሰማይም አታምንም። የምታምነው ደረቅ እንጨት ብቻ ነው።

ስለዚህ ትብለጥን በዳረች ማግስት ምሳሯን አነሳች። በዚያ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነዋ! ዛፍ ቆረጠች፣ ፈለጠች፣ ፍልጡን መሬት እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ረበረበች፣ ልጡን ወደ ላይ አድርጋ ከጣራው ክፈፍ ሥር ከመረችው። በዓመቱ ሌላ ክምር። በዓመቱ ደግሞ ሌላ። የካቻምና፣ የአምና፣ የዘንድሮ። ጠዋት ጠዋት እየዞረች በጣቷ ታንኳኳቸዋለች። የዘንድሮው እንደ ጭቃ ድም ይላል። የአምናው ይንተባተባል። የካቻምናው እንደ ገል ቀው! ይላል።

ጎረቤት ይስቅባታል። «ዘርፌ፣ ልጅሽ ሳታረግዝ አራስ ልታሞቂ ነው?»

«እናንተ ደግሞ ሳትሞቱ በረዳችሁ» ትላቸዋለች።

በሦስተኛው ዓመት ትብለጥ አረገዘች። ወሩ ቢቆጠር መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ወደቀ። ዘርፌ ይህን ስትሰማ እልል ማለት ሲገባት ክምሮቿን ልታንኳኳ ወጣች።

በዚያ አገር ሁለት ደንብ ነበር። አንደኛው፣ እሳት ለጎረቤት አይከለከልም፤ ሊጭር የመጣ ፍሙን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የምጥ ቤት እሳት አይጠፋም። ሰው እያየው ከጠፋ፣ ያየው ሰው ማንም ይሁን ማን ሮጦ እሳት ያመጣል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ የልጁ ደም በእጁ ነው።

ከዘርፌ ቤት በላይ ጭቃ ሹም ድልነሳ ይኖር ነበር። የሰፈሩ ሹም ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ክንዱ ወፍራም፣ ድምፁ ወፍራም። በጋውን ጥላ ሥር ተኝቶ አሳለፈው። ሚስቱ ስመኝ «እንጨት» ስትለው «ገና ነው» ይላታል። «ኩበቱስ?» ስትለው «ገና ነው» ይላታል። ገና ነው ሲል ሰኔ ገባ፤ ኩበቱንም ሜዳ ላይ ዝናብ በላው።

ይሄኔ ወደ ዘርፌ ደጅ መጣ።

«አንቺ ዘርፌ! ቤቴ ብርድ ገብቷል፤ እንጨት አምጪ።»

«ጌታዬ፣ ዛፍ ጠፍቶ ነው?»

«ዛፍ መቁረጥ የሹም ሥራ ነው?»

«መሞቅስ የማን ሥራ ነው?»

ዓይኑን አፈጠጠ። ዘርፌ ፈጥና አጎነበሰች። «እሺ ጌታዬ፤ ይህን የገረጣውን፣ የተሰነጣጠቀውን ይውሰዱ። ያን ወፍራሙን ግን ለማርያም ብለው ይተዉልኝ። ለልጄ ምጥ ነው።»

ድልነሳ ከሁለቱም አንዳንድ ፍልጥ አነሳ። የካቻምናው እንደ ገለባ ቀለለው። የዘንድሮው ከብዶ እጁን ቁልቁል ሳበው። ሳቀ።

«ቀላሉን ለኔ፣ ከባዱን ላንቺ? በሬ ሲገዛ በክብደቱ! እህል ሲገዛ በክብደቱ! ሞኝ አገኘሽ?» አለና የዘንድሮውን ክምር እንዳለ አሸክሞ ሄደ።

ዘርፌ አለቀሰች። ከልቧ ግን አልነበረም።

ሐምሌ ገባ። ትብለጥም ልትወልድ እናቷ ቤት ገባች። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሆዱ ይገፋል፤ ክምሩ ይጎድላል። የድልነሳ ቤት ጭስ ብቻ ሆነ። ስመኝ በየማለዳው ዓይኗ ፍም መስሎ በገል እሳት ልትጭር ትመጣለች። ዘርፌ ትሰጣታለች። ፍሙ ቤት ሲደርስ እርጥቡ እንጨት ይተፋበታል፤ ጭስ ብሎ ይሞታል።

ድልነሳ እየሳለ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ።

«ምን ዓይነት እንጨት ነው የሰጠሽኝ? በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ሲባል አልሰማሽም? የኔ ለምን አልነደደም?»

«ደረቁ የታለና ጌታዬ? እርጥብ ለብቻው ማንን ተከትሎ ይንደድ?»

ወይኔ ዘርፌ! ምላሷ ቀደማት። ነከሰችው፤ ከወጣ በኋላ መንከስ ምን ያደርጋል? ድልነሳ ዞሮ ክምሮቹን አየ። የአምናውን አየ። የካቻምናውን አየ። እሷ ስታደርግ እንዳየው በጣቱ አንኳኳ። ቀው!

«እህ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ይህን የአምናውን እወስዳለሁ። እሱ ሲያልቅ ለዚህ ለሚጮኸው እመጣለሁ። ጠብቂልኝ።»

ወሰደ። ዘርፌ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

«እማ፣ እንሽሽ?» አለች ትብለጥ ሆዷን ይዛ።

«በዚህ ሆድሽ? በዚህ ጭቃ?» አለች ዘርፌ። ወዲያው ግድግዳዋን አየት አድርጋ፣ «ጭቃ…» አለች።

በማግስቱ ጉም ወረደ። ሰው የራሱን እጅ አያይም። ዘርፌ ጉሙን ተገን አድርጋ የካቻምናውን ፍልጥ አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባች። ምድጃው ከወዲህ፣ የምጥ መደቡ ከወዲያ ጓዳው ውስጥ ሆኖ፣ መሃል ላይ እንደ ግድግዳ ደረደረችው። ከዚያ ጭቃ ከጭድ አቡክታ ከምድጃው በኩል መረገችው። በጓዳው በኩል ሳትመርገው ተወች፤ ከዚያ እየመዘዘች ታነዳለች። አዲስ ግድግዳ ሆነ። ያየ ሰው «ለአራሷ መከለያ ነው» ይላል። ውሸትም አይደለም።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሆዱ ይገፋል፤ ግድግዳው ይሳሳል። ዘርፌ በጓዳ በኩል በእጇ ትለካዋለች፤ ትለካና ታዝናለች። የሰፈሩ ጣራ ሁሉ ይጨሳል። የዘርፌ ጣራ አይጨስም። ደረቅ እንጨት ጭስ የለውማ! ያ ነው ያጋለጣት።

ትብለጥ ምጥ በያዛት ቀን፣ አዋላጇም ጓዳ በገባች ቀን፣ ድልነሳ እንደ በሰበሰ ግንድ ውኃ እያንጠባጠበ ለሦስተኛ ጊዜ በሩን ገፋው።

«የታለ ክምሩ?»

«አለቀ ጌታዬ።»

«ምን ታነጃለሽ ታዲያ?»

«ይቺን የመጨረሻዋን።»

ቤቱን አገላበጠ። ቆጡን አየ። ከጎታው ኋላ አየ። ጓዳ እንዳይገባ፣ ምጥ ያለበት ጓዳ ወንድ አይገባም። «ግድ የለም» አለና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ጀርባውን በአዲሱ ግድግዳ አስደገፈ። «እሳትሽ ሲደክም ከደበቅሽበት ታወጫለሽ። ያኔ አይሻለሁ።»

ተቀመጠ። ዘርፌም ተቀመጠች። እሳቱ ነደደ፤ እሳቱ ቀነሰ። ድልነሳ ሲያዛጋ ጭንቅላቱ ግድግዳውን ገጨው። ቀው! አለ። ወዲያው ትብለጥ በምጥ ጮኸች፤ ድምፁ ተዋጠ። ከግድግዳው ፍርካሽ ጭቃ ትከሻው ላይ ወደቀ። ትቢያ እንደሚያራግፍ አራገፈው።

«እማ፣ በረደኝ!» አለች ትብለጥ ከወዲያ።

«ዘርፍዬ፣ እሳት! ልጁ እየመጣ ነው!» አለች አዋላጇ።

እንጨቱን ብታወጣ ይወስደዋል፤ ልጁ ነገ በብርድ ይሞታል። ባታወጣ ልጁ ዛሬ ይሞታል። ዘርፌ ሁለቱን ወንዶቿን አሰበች። ከዚያ ጀርባዋን ለድልነሳ ሰጥታ በምድጃው ላይ ተደፋች። እፍ የምትል መስላ በባዶ እጇ አመዱን እየሳበች ፍሙን ዳፈነችው። መዳፏ ተለበለበ። ያቺ ምላሰኛ፣ ያን ጊዜ አንዲት ቃል አላወጣችም።

ቤቱ ጨለመ።

«ጠፋ!» ብላ ጮኸች ከዚያ በኋላ። «የምጥ ቤት እሳት ጠፋ!»

«ማን እያየው ጠፋ?» አለች አዋላጇ ከጓዳ።

«ጭቃ ሹም ድልነሳ እያዩት!»

ድልነሳ ተነስቶ ቆመ። ደንቡን ያውቃል፤ በደንቡ ስንቱን ሲቀጣ ኖሯል። በሩን በርግዶ ዝናቡ ውስጥ ሮጠ። ቤቱ ደረሰ፤ ምድጃው ሞቷል። ወደ ሁለተኛ ቤት ሮጠ፤ ፍም በገል ሰጡት፤ ዝናብ አጠፋበት። ወደ ሦስተኛ ቤት ሮጠ፤ እንደገና ሰጡት፤ እንደገና ጠፋበት። «ልጁ ሞተ፣ ደሙ በእጄ ነው» እያለ በጭቃው ተንፏቀቀ።

ዘርፌ ግን እሱ እንደወጣ አመዱን ገለጠች። ፍሙ ደብዝዟል። እፍ አለች። ዝም። እፍ አለች። ዝም። እንደገና እፍ ስትል አንዲት ፍም ዓይኗን ገለጠች። ግድግዳውን በምሳር ናደችው። የካቻምናው እንጨት እሳቱን ሳይለምኑት ያዘው። ቤቱ በራ፤ ጓዳው ሞቀ፤ ሕፃኗ ወጥታ አለቀሰች።

ድልነሳ ቀዝቃዛ ገልና እርጥብ ግንድ ታቅፎ ሲመለስ እልልታ ሰማ። በሩ ላይ ቆሞ የነደደውን እሳት አየ፤ የፈረሰውን ግድግዳ አየ።

«ከጀርባዬ?» አለ።

«ከጀርባዎ ጌታዬ። ተደግፈውት ዋሉ እኮ። አልቆረቆረዎትም?»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ፈረዱ፦ «የልጅቱ ደም በእጅህ የለም፤ የሌለውም በአንተ ደግነት አይደለም። ስለዚህ ይህች ሕፃን አድጋ እስክትዳር፣ ተድራም እስክትወልድ፣ የአራስ እንጨቷን በየዓመቱ አንተ ትቆርጣለህ፣ አንተ ትፈልጣለህ፣ አንተ ትከምራለህ። ክምሩን የምታንኳኳው ዘርፌ ናት።»

በማግስቱ ስመኝ ገሏን ይዛ አንገቷን ደፍታ መጣች። ዘርፌ በተለበለበ እጇ ፍም ጫረችላት፤ ላዩ ላይም አንድ ደረቅ ፍልጥ ጨመረች። «ለልጆችሽ ነው። እሱ ግን ጥግ ይቀመጥ» አለቻት።

ድልነሳ አረጀ። ወገቡ ጎበጠ። በየበጋው ከምሮ ከምሮ ላቡን እየጠረገ ይቆማል። ዘርፌ በምርኩዟ እየተደገፈች ትመጣለች፤ ታንኳኳለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች። «ድም ይላል ጌታዬ። ገና ነው።»

ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው ልጁን ሲመክር እንዲህ ይላል፦

እሳት ከጎረቤት፣ ማገዶ ከካቻምና።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ተዉትና ምድጃዬን በፍልጥ አብሱ። እርጥብ ያመጣ ግን ከደጅ ይመለሳል!